ኪቶን በእግር፦ ከባሲሊካው ማማ እስከ ላ ሮንዳ ቁልቁል

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት መጀመሪያ ያሰፈራቸው ቦታዎች 12 ብቻ ነበሩ። ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። ጥንታዊ መሀል ከተማቸው ተመዝግቦ በዚያ ዝርዝር የገቡ ከተሞችም ሁለት ናቸው፤ የፖላንዷ ክራኮውና የኢኳዶሯ ኪቶ። ላሊበላን የሚያውቅ ሰው ስለ ኪቶ አለማወቁ የአንድ ዘመን ተመራቂውን እንደ መርሳት ነው።

ይህ መመሪያ የድሮዋን ኪቶ በአንድ ቀን በእግር ለማየት ነው። ብዙ ጎብኚ ከመሀል አደባባይ ይነሣና ከዚያ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ዳገት ሲወጣ ውሎ፣ ከቀትር በኋላ ትንፋሹ አልቆ ካፌ ውስጥ ይቀራል። እኔም በመጀመሪያው ቀኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በሁለተኛው ቀን ከከፍታው ጫፍ ጀምሬ ስወርድ ግን ከተማዋ ራሷ እየመራች አወረደችኝ። እዚህ የምሰጥዎት ያንን የሁለተኛ ቀን መንገድ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹም ወራቱና ቀኖቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሣትዎ በፊት

ኪቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። የሚመጡት ከአዲስ አበባ ከሆነ ልዩነቱ አምስት መቶ ሜትር ያህል ነው፤ ደረጃ ሲወጡ ብቻ ይሰማዎታል። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ከሆነ ግን «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ብለው አይታለሉ። ሰውነት የለመደውን ከፍታ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይረሳል። የመጀመሪያውን ቀን ውኃ እየጠጡ፣ አልኮል ሳይቀምሱ፣ በእርጋታ ያሳልፉና የእግር ጉዞውን ለሁለተኛው ቀን ያቆዩት። ለራስ ምታት የኮካ ቅጠል ሻይ ያቀርቡልዎታል። ከመጠጣትዎ በፊት ያስቡበት፤ ሻዩ በሽንት ምርመራ ላይ የኮኬይን ምልክት ሊያሳይ ይችላል፣ ቅጠሉን ይዞ መግባትም በብዙ አገሮች ወንጀል ነው። በተለይ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመለስ ሰው አንዲት ከረጢት እንኳ ሻንጣው ውስጥ እንዳትቀር ይጠንቀቅ።

ሰዓቱ ይመችዎታል። ኪቶ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። የእኛ አቆጣጠር ለዚያ ከተማ የተሠራ ይመስላል፤ ስለዚህ እዚህም በእኛ ሰዓት እጽፋለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደረቅ ነው። በቀሩት ወራት ጠዋቱ ብራ ሆኖ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት መጀመር አለብዎት የምለው ለዚህ ነው። በከፍታውና በምድር ወገቡ ምክንያት ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ሆና እንኳ ታቃጥላለች፤ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ቀጭን የዝናብ ካፖርትና ሹራብ በአንድ ቦርሳ ይያዙ። አራቱንም በአንድ ቀን ያወጧቸዋል። ጫማዎ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ ድንጋይ የተነጠፈባቸው ቁልቁለቶች ዝናብ ሲነካቸው ሳሙና ይሆናሉ።

ኢኳዶር ከ2000 ጀምሮ የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው። አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች በኪሳቸው ብዙም የማያዩት ወርቃማው የአንድ ዶላር ሳንቲም እዚያ የዕለት ተዕለት ገንዘብ ነው። ሃምሳና መቶ ዶላር ይዘው ትንሽ ሱቅ ቢገቡ ግን ማንም አይቀበልዎትም። አንድ፣ አምስትና አስር ዶላር በርከት አድርገው ይያዙ፤ ዋና ዋናዎቹ አብያተ ክርስቲያናት የመግቢያ ክፍያ አላቸው።

ስለ ጸጥታው ሳላለሳልስ ልናገር። ኢኳዶር በጥር 2024 ከወንጀል ቡድኖች ጋር በተያያዘ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀች አገር ናት። ከመሄድዎ በፊት የሰዓት እላፊ መኖር አለመኖሩን ያጣሩ። በድሮው ከተማ ውስጥ ቀን ቀን የሚያሠጋው ግን ከሁሉ በላይ ኪስ አውላቂ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ መንገድ ጠርዝ ላይ አለመቆም፣ ቦርሳን ከፊት ማንገት፣ ልብስዎ ላይ አንዳች ነገር ፈስሶ «ልጥረግልዎት» የሚል ደግ ሰው ድንገት ሲመጣ ሳይቆሙ መሄድ፤ መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ከእኔ አይማርም።

1. ባሲሊካው፦ ከላይ መጀመር

ቢጫ ታክሲ ይያዙ፣ ሜትሩን እንዲያበራ ይጠይቁና ወደ ባሲሊካ ዴል ቦቶ ናሲዮናል ይሂዱ። ስሙ «የብሔራዊ ስእለት ባሲሊካ» ማለት ነው። ስእለቱን ለመረዳት አንድ ሰው ማወቅ አለብዎት፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚከተለን አሁኑኑ ላስተዋውቅዎት። ጋብርኤል ጋርሲያ ሞሬኖ በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ ኢኳዶርን በብረት እጅ የገዛ፣ ካቶሊክነቱ አጥብቆ የያዘው ፕሬዚዳንት ነበር። አገሩን በይፋ ለኢየሱስ ቅዱስ ልብ እንድትሰጥ አደረገ። ባሲሊካው የዚያ ስጦታ መታሰቢያ ሲሆን የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1892፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ሕንፃው የአውሮፓን የመካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች ይመስላል። ግን አንገትዎን ቀና ያድርጉ። በፈረንሳይ ካቴድራሎች ጣራ ላይ ጭራቆች አፋቸውን ከፍተው የሚቀመጡበት ቦታ ላይ፣ እዚህ የኢኳዶር እንስሳት ተቀርጸዋል፤ ኤሊ፣ ኢጉዋና፣ አርማዲሎ፣ ዝንጀሮ፣ ወፎች። እኔ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በዙሪያው እየተዘዋወርሁ ስቆጥራቸው ቆይቻለሁ፤ ከውስጡ ይልቅ ይህ የውጭ ጣራ ይበልጥብኛል።

ወደ ማማው የሚያስወጣው ትኬት ለብቻው ነው። ሁለት ምርጫ አለዎት። ከፊት ያሉት መንትያ ማማዎች በደረጃ ይወጣሉ። ከኋላ ወዳለው ሾጣጣ ማማ ለመድረስ ግን ከጣራው ሥር፣ ከቅስቶቹ ጀርባ በላይ በተዘረጋ የእንጨት ድልድይ ይሻገሩና ቀጥ ያሉ የብረት መሰላሎችን በእጅዎ እየያዙ ይወጣሉ። ከፍታ የሚያዞረው ሰው ድልድዩ ላይ ይቁም፤ ማንም አይስቅበትም። ከላይ ሲደርሱ ከተማዋን እንደ ካርታ ያንብቧት። በምዕራብ በኩል ያለው ትልቅ ተራራ ፒቺንቻ የተባለ እሳተ ገሞራ ነው፤ በ1999 ከተማዋን አመድ አልብሷታል። በደቡብ ያለችው ድቡልቡል ኮረብታ ኤል ፓኔሲዮ ስትሆን፣ ክንፍ ያላት የእመቤታችን ሐውልት ቆማባታለች። ቀኑን ሙሉ መንገድ ሲጠፋዎት ስልክ አያውጡ፤ ተራራው በቀኝ፣ ሐውልቷ ከፊት ከሆነች ትክክል እየወረዱ ነው።

የኪቶ ሰዎች ባሲሊካው ግንባታው ያለቀ ቀን ዓለም ትጠፋለች ይላሉ። ሁልጊዜም የምትቀር ትንሽ ነገር አለች።

2. በቬኔዝዌላ ጎዳና ቁልቁል

ከባሲሊካው ወጥተው የቬኔዝዌላን ጎዳና ይያዙና ወደ ደቡብ ይውረዱ። አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። ቤቶቹ ነጭና ሰማያዊ፣ በረንዳቸው ብረት፣ ጣራቸው የሸክላ ክዳን ነው። ክፍት በር ባዩ ቁጥር አንገትዎን አስግገው ግቢውን ይመልከቱ፤ የድሮ የኪቶ ቤት ፊቱን ለመንገድ ሳይሆን ለግቢው ነው የሚሰጠው። ከዚህ በላይ እዚህ አይቆዩ።

3. ፕላሳ ግራንዴ

ጎዳናው የሚያደርስዎት «ትልቁ አደባባይ» የሚባለው ቦታ ነው። በስተ ምዕራብ ካሮንዴሌት የተባለው የፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት፣ በስተ ደቡብ ካቴድራሉ፣ በስተ ሰሜን የሊቀ ጳጳሱ ቤት፣ በስተ ምሥራቅ የከተማው አስተዳደር አለ። አራቱ ሥልጣኖች ሥራ ፈተው የሚተያዩ ይመስላሉ። መጀመሪያ ወንበር ይፈልጉና ይቀመጡ። ሊስትሮዎች ይመጣሉ፤ ጫማዎ ቆዳ ከሆነ ያስጠርጉ፣ በዚያው አደባባዩን ያያሉ።

መሀል ላይ ያለው ሐውልት ነሐሴ 10 ቀን 1809ን ያስታውሳል። በዚያ ቀን የኪቶ ሰዎች የስፔንን ሹም አውርደው የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ። ወደ ሐውልቱ እግር ጠጋ ይበሉ፤ ቆስሎ የሚሸሽ አንበሳ አለ። አንበሳው ስፔን ናት። ለእኛ አንበሳ ሌላ ነገር ነውና፣ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ማየት ለኢትዮጵያዊ ዓይን ትንሽ ይከብዳል። ድሉ ግን በነሐስ እንደተሠራው ቀላል አልነበረም። ያ መንግሥት ሦስት ወር ሳይሞላው ፈረሰ፤ መሪዎቹ ታሰሩና ነሐሴ 2 ቀን 1810 እስር ቤታቸው ውስጥ ተጨፈጨፉ። የታረዱበት የወታደር ሰፈር ከአደባባዩ ጥግ፣ ዛሬ የባህል ማዕከል በሆነው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ትዕይንቱ በሰም ምስሎች ቀርቧል። ልጆች ይዘው ከሆነ ይለፉት።

አሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ ምሰሶዎች ይሂዱ። ጋርሲያ ሞሬኖ እዚህ ነው የወደቀው። ነሐሴ 6 ቀን 1875 ከካቴድራሉ ጸልዮ ወጥቶ ወደ ቢሮው ሲገባ፣ ፋውስቲኖ ራዮ የተባለ ሰው በገጀራ መታው፤ ሌሎች ተባባሪዎች ተኮሱበት። ደጋፊዎቹ የመጨረሻ ቃሉ «እግዚአብሔር አይሞትም» የሚል ነበር ይላሉ። ሬሳውን ጠላቶቹ እንዳያገኙት ደብቀውት ስለነበር የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ በአንድ የመነኮሳይት ገዳም ውስጥ ነው። ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ የሚያስገባ ጉብኝት በሚኖርበት ጊዜ ፓስፖርት ስለሚጠየቅ ዋናውን ይያዙ።

ወደ ካቴድራሉ ከገቡ የማርሻል ሱክሬን መቃብር ይፈልጉ። ግንቦት 24 ቀን 1822 በፒቺንቻ ተራራ ቁልቁለት ላይ ተዋግቶ ኪቶን ከስፔን ያላቀቃት እሱ ነው። ጠዋት ከማማው ያዩት ተራራ፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተደረገ ጦርነት። ደረጃ ሲወጡ ቃተት ያሉትን ያስታውሱና ፍረዱ።

4. ላ ኮምፓኝያ

ከቤተ መንግሥቱ ፊት ያለውን ጎዳና ይዘው ወደ ደቡብ አንድ መስቀለኛ መንገድ ይለፉ። ጎዳናው ጋርሲያ ሞሬኖ ይባላል፤ ሰውየው በሞተበት ደጅ የሚያልፈው መንገድ ስሙን ወረሰ።

የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ላ ኮምፓኝያ በቀኝ በኩል ነው። በ1605 ተጀምሮ በ1765 አለቀ፤ 160 ዓመት። ኢየሱሳውያኑ ግን የድካማቸውን ፍሬ ብዙም አላዩትም፤ በ1767 የስፔን ንጉሥ ከግዛቱ ሁሉ አባረራቸው። ይህን ሳስብ የእኛው አፄ ፋሲል ከዚያ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው በዚያው ማኅበር ላይ ያደረጉት ትዝ ይለኛል። ኢየሱሳውያን በሄዱበት ሁሉ አምረው ገንብተው የወጡ ሰዎች ናቸው።

ከመግባትዎ በፊት ማዶ ተሻግረው ፊት ለፊቱን በደንብ ይዩት። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተጠረበ ነው፤ የተጠማዘዙት ዐምዶች ድንጋይ ሳይሆኑ የተገመደ ጥጥ ይመስላሉ። ከዚያ ይግቡና ዓይንዎ እስኪለምድ ቆም ይበሉ። ግድግዳው፣ ጣራው፣ መሠዊያው ሁሉ በስስ ወርቅ የተለበጠ ነው። በእኔ ግምት ይህ ውበት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ያፈዛል፣ ከዚያ ይደክማል። ስለዚህ ወርቁን ትተው ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ። አንደኛ፣ ከመግቢያው አጠገብ ካለው ጠመዝማዛ ደረጃ ትይዩ ሌላ ደረጃ ያያሉ፤ አንዱ እውነተኛ፣ ሌላው ሚዛን እንዲጠብቅ ግድግዳ ላይ የተሳለ ነው። ሁለተኛ፣ የሲኦልን ሥዕል፤ እያንዳንዱ ኃጢአተኛ እንደ ሥራው ሲቀጣ ይታያል፣ የኃጢአቱ ስምም ተጽፎለታል። የእኛን አብያተ ክርስቲያናት የሲኦል ሥዕሎች እያየ ያደገ ሰው ወዲያው ይግባባዋል። ሦስተኛ፣ ከዋናው መሠዊያ ሥር ያረፈችውን ማሪያና ዴ ሄሱስን። በ1645 በ26 ዓመቷ ያረፈች፣ በ1950 ቅድስት የተባለች የኪቶ ልጅ ናት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቤቷ ደጃፍ እንደርሳለን።

ውስጡን ፎቶ ለማንሣት አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ።

5. ሳን ፍራንሲስኮ

ከላ ኮምፓኝያ ጎን ያለውን የሱክሬን ጎዳና ይዘው ሽቅብ አንድ መንገድ ይሂዱ። በዚህ ጉዞ ውስጥ ጥቂት ዳገት የምትወጡት እዚህ ነው፣ የሚከፍልዎትም እዚሁ ነው። ጎዳናው ድንገት ይከፈትና ሰፊ፣ ተዳፋት፣ ዛፍ የሌለው የድንጋይ ሜዳ ይዘረጋል፤ ከላዩ ነጭ ቤተ ክርስቲያን፣ ከኋላው ፒቺንቻ። ለእኔ ኪቶ ማለት ይህ አደባባይ ነው።

ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊትም ቦታው ገበያ ነበር። በ1534 ስፔኖቹ ሲቃረቡ ሩሚኛዊ የተባለው የኢንካ ጦር አለቃ ከተማዋን ለጠላት አሳልፎ ከመስጠት ብሎ አቃጠላት። ሴባስቲያን ዴ ቤናልካሳር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 6 ቀን በአመዱ ላይ የስፔኗን ኪቶ መሠረተ። ወዲያው የፍራንሲስካን መነኮሳት ገቡና በኢንካዎቹ መኖሪያ ላይ ገዳማቸውን መሥራት ጀመሩ። ከመነኮሳቱ አንዱ ሆዶኮ ሪኬ ከፍላንደርስ የመጣ ነበር፤ በማሰሮ የያዘውን ስንዴ እዚሁ አደባባይ ላይ ዘራ፤ የአገሩ የመጀመሪያ ስንዴ ነው ይባላል። ሐውልቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ቆሟል።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው ክብ ደረጃ ላይ ይቁሙ። ግማሹ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ያበጠ ነው፤ ንድፉ በቫቲካን ብራማንቴ ከሠራው ደረጃ የተወረሰ ነው። ከደረጃው በላይ ያለው ሰፊ መድረክ ደግሞ ተረት አለው። ካንቱኛ የተባለ ግንበኛ መድረኩን በቀጠሮ ሊያደርስ ተዋውሎ ቀኑ ሲደርስበት ነፍሱን ለዲያብሎስ ሸጠ። አጋንንት ሌሊቱን ሙሉ ገነቡ። ንጋት ላይ ካንቱኛ አንዲት ድንጋይ ደብቆ «ሥራው አላለቀምና ውሉ ፈርሷል» አለ። ዲያብሎስን በሕግ የረታ ግንበኛ! አስጎብኚዎች የጎደለችውን ድንጋይ ቦታ ያሳያሉ፤ ሁለቱን ብጠይቅ ሁለት የተለያየ ቦታ አሳዩኝ።

ውስጥ ገብተው ወደ ዋናው መሠዊያ ይቅረቡ። መሀል ላይ ያለችው ትንሽ የእንጨት ምስል በርናርዶ ዴ ሌጋርዳ በ1734 የቀረጻት የኪቶዋ እመቤት ናት። ክንፍ አላት፣ እባብ ረግጣ እንደምትጨፍር ወገቧን ሰበር አድርጋለች። ቆሞ ከመቀበል በስተቀር ሥራ የሌላቸውን የእመቤታችን ምስሎች ለለመደ ሰው ይህች እንቅስቃሴ ያላት ናት። ጠዋት ኮረብታው ላይ ያዩት ግዙፍ ሐውልት የዚህች የትንሿ ቅጂ ነው።

ገዳሙ ውስጥ ያለውን ሙዚየም አይዝለሉ። ፍራንሲስካውያኑ ለአገሬው ልጆች ሥዕልና ቅርጽ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ስለከፈቱ «የኪቶ ትምህርት ቤት» የሚባለው ጥበብ ከዚህ ተነሣ። ከሁሉ የላቀው ካስፒካራ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ማኑዌል ቺሊ፣ የአገሬው ተወላጅ ነበር። ምስሎቹን ሲያዩ ቆዳቸው ሕይወት ያለው መስሎ ለምን እንደሚያበራ ይጠይቁ ይሆናል። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ በበግ ፊኛ ደጋግመው ያሹታል፤ ዓይኑ ደግሞ መስታወት ነው።

የሜትሮው ባቡር ጣቢያም እዚሁ አደባባይ ጥግ ነው፤ ባቡሩ በታኅሣሥ 2023 ሥራ ጀመረ። እግርዎ እንቢ ካለ ጉዞውን እዚህ አቋርጠው ወደ ሆቴልዎ መመለስ ይችላሉ።

6. ምሳ፣ ለጾመኛም ለበላተኛም

ከአደባባዩ ብዙ ሳይርቁ የሳን ፍራንሲስኮን ገበያ ይጠይቁ። መጀመሪያ የሚቀበልዎት ሽታ ነው፤ ጤና አዳም። «ሩዳ» ይሉታል። ገበያው ውስጥ ያሉ ሴት መድኃኒተኞች ጤና አዳሙን ከሳማና ከሌሎች ቅጠሎች ጋር አስረው ሰው ይጠበጥቡበታል፤ ድንጋጤን፣ ዓይነ ጥላን ያወጣል ይባላል። በሳማ መጠብጠብ የሚያስከትለውን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔ አላስደረግሁም፤ ጤና አዳሟን ግን ለቡናዬ ገዛሁ፣ ሴትየዋ ቡና ውስጥ እንደምጨምረው በምልክት ስነግራት በጣም ሳቀች።

ሻጮች «ቤሲ» ብለው ይጠሩዎታል፤ «ጎረቤት» የሚለው ቃል ቁራጭ ነው። የእኛ ገበያ «ደንበኛ» እንደሚለው ያህል ነው፤ እርስዎም መልሰው «ቤሲ» ይበሉ፣ ዋጋው ላይ ባይረዳም ፊት ይፈታል።

ለመብላት ሦስት ነገሮችን እመክራለሁ። «ሎክሮ» የድንች ወፍራም ሾርባ ነው፤ አቮካዶና አይብ ስላለበት ለጾም አይሆንም። «ቾቾስ» ግን የግብጦ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንደ ግብጦው ምሬቱ እስኪለቅ ውኃ ውስጥ ሰንብቶ፣ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በሎሚ ተለውሶ ከበቆሎ ቆሎ ጋር ይቀርባል። የተቀቀለ ባቄላም አለ። አሳማ የማይበሉ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ፦ «ኦርናዶ» እና «ፍሪታዳ» ሁለቱም አሳማ ናቸው፤ ቆሎውም በአሳማ ስብ የሚቆላበት ጊዜ አለ። «ሲን ማንቴካ፣ ሲን ካርኔ» ይበሉ፤ ያለ ስብ፣ ያለ ሥጋ ማለት ነው። በቾቾሱ ላይ የአሳማ ቆዳ እንዳይነሰንሱ «ሲን ኩዌሮ» ይጨምሩበት።

7. የሰባቱ መስቀሎች ጎዳና

ከምሳ በኋላ ወደ ጋርሲያ ሞሬኖ ጎዳና ይመለሱና ወደ ደቡብ ይቀጥሉ። የድሮ ስሙ የሰባቱ መስቀሎች ጎዳና ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ የቆሙትን የድንጋይ መስቀሎች እየቆጠሩ ይሂዱ። መንገዱን ከላይ የሚያቋርጥ የንግሥቲቱ ቅስት የተባለ ግንብ ጋ ሲደርሱ ቆም ይበሉ። በአንድ በኩል ካርሜን አልቶ የተባለው ገዳም ነው፤ ማሪያና የኖረችበት ቤት ነበር። ማዶው የከተማው ሙዚየም ነው፤ በ1565 የተመሠረተና እስከ 1974 ድረስ በሽተኛ ሲቀበል የኖረ ሆስፒታል።

በዚያ ሆስፒታል ከሠሩት ሐኪሞች አንዱ ኤውሄኒዮ ኤስፔሆ ነበር። አባቱ የአገሬው ተወላጅ ነበር። በዘር በተከፋፈለ ከተማ ውስጥ ሐኪም፣ የሕግ ሰውና ጸሐፊ ሆነ። ስለ ፈንጣጣ ጻፈ፤ ጥር 5 ቀን 1792 የኪቶን የመጀመሪያ ጋዜጣ አወጣ። በ1794 በከተማዋ መስቀሎች ላይ ነፃነትን የሚሰብኩ ቀይ ሰንደቆች ተሰቅለው ሲገኙ ጥርጣሬው እሱ ላይ ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት ታሰረ፤ በእስር ተጎሳቁሎ በዚያው ዓመት ሞተ። በፕላሳ ግራንዴ ያዩት ሐውልት የሚዘክረው ዐመፅ የመጣው 14 ዓመት ቆይቶ ነው። ሙዚየሞች ብዙውን ጊዜ ሰኞ ይዘጋሉ፤ ቀንዎን ሲመርጡ ያስቡበት።

8. ሳንቶ ዶሚንጎና ላ ሮንዳ

ከቅስቱ አጠገብ የሮካፉዌርቴን ጎዳና ይዘው ወደ ምሥራቅ ይውረዱ። ሱቆቹ ውስጥ ለሕፃኑ ኢየሱስ ምስል የሚሰፉ ጥቃቅን ልብሶችን ያያሉ። ሳንቶ ዶሚንጎ አደባባይ ላይ የሱክሬ ሐውልት እጁን ዘርግቶ ያሸነፈበትን ፒቺንቻን ያመለክታል። አደባባዩ ሕዝብ የሚበዛበት ስለሆነ ቦርሳዎን ያዝ ያድርጉ፣ ብዙም አይቆዩ።

ከዚያ በጉዋያኪል ጎዳና ጥቂት ወደ ደቡብ ወርደው በቀኝ በኩል ወደ ላ ሮንዳ ይታጠፉ። ጠባብና ጎባጣ ናት። ከተማዋ ሁሉ ቀጥ ባለ መስመር ተሠርታ ይህች ብቻ ለምን ትጎብጣለች ካሉ፣ የገደል አፋፍ ይዛ ስለተሠራች ነው። ኪቶ በገደሎች የተሰነጣጠቀች ነበረች፤ ብዙዎቹን ደፍነው መንገድ አነጠፉባቸው። ከላ ሮንዳ ጎን ያለው ሰፊው የ24 ዴ ማዮ ጎዳናም ገደል ነበር። ዛሬ በጎዳናዋ ላይ ባርኔጣ ሠሪ፣ እንዝርት የሚመስል የእንጨት አሻንጉሊት የሚያሾር አናጢ፣ ቸኮላት ሠሪ ያገኛሉ። ሲመሽና ብርድ ሲጀምር «ካኔላሶ» ይቀርባል፤ ቀረፋ፣ ናራንሂያ የተባለ ኮምጣጣ ፍሬና የሸንኮራ አረቄ አብሮ የፈላበት ትኩስ መጠጥ ነው። አልኮል የማይጠጡ ከሆነ ያለ አረቄ ይዘዙት፤ ለብርድ ያው ነው። አጠገቡ በአየር የተነፋ የአይብ ሳምቡሳ የመሰለ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ጥብስ አለ።

ከመሸ በኋላ ከላ ሮንዳ በእግር አይውጡ። ካፌው ውስጥ ሆነው ታክሲ ያስጠሩ።

9. ኤል ፓኔሲዮ፣ በማግሥቱ ጠዋት

ወደ ኮረብታው የሚወስደውን ደረጃ ካዩ ይውጡበት የሚል ፈተና ይመጣብዎታል። እንዳይወጡ! ዘረፋ የሚደጋገምበት መንገድ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ደመና ሳይወርድ ታክሲ ይዘው ይሂዱ። ሐውልቷ የተመረቀችው በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲሆን ከሰባት ሺህ ያህል የአሉሚኒየም ቁራጮች የተገጣጠመች ናት። ፊቷ ወደ ሰሜን፣ ወደ ድሮው ከተማ ነው። በደቡብ በኩል ያሉት የሠራተኛ ሰፈሮች ነዋሪዎች «ለእኛ ጀርባዋን ሰጠችን» እያሉ ይቀልዳሉ፤ ቀልዱ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም።

ከዚያ ሆነው ትናንት የወረዱበትን መንገድ በጣትዎ ይከተሉ፤ ባሲሊካው ከላይ፣ ሳን ፍራንሲስኮ በግራ፣ ላ ሮንዳ ከእግርዎ ሥር። ጠዋት ነፋሱ የባሕር ዛፍ ሽታ ያመጣል። ባሕር ዛፍን ወደዚያ አገር ያስገባው ያው ጋርሲያ ሞሬኖ ነው፤ ምኒልክ አዲስ አበባን በባሕር ዛፍ ከማልበሳቸው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ። የታክሲው ሹፌር እንዲጠብቅዎት ሲነሡ ዋጋውን ተስማምተው የመመለሻውን አብረው ይከፍሉታል፤ ከላይ ሌላ ታክሲ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።